አዲስ ሠራተኞች ሦስተኛው ወር ላይ ለምን ይቀዘቅዛሉ? ከባንክ ቅርንጫፍ የቀረበ ጥያቄ

የቅርንጫፍ_ሱፐርቫይዘር (ጥያቄ አቅራቢ) · ማክሰኞ፣ ምሽት 2:15

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ የደንበኞች አገልግሎት ሱፐርቫይዘር ነኝ። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ይመደቡልናል፤ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ የተማሩ። ሲመጡ ሁሉም ንቁ ናቸው። በሩ ሳይከፈት ደርሰው ይጠብቃሉ፣ የሚነገራቸውን በደብተር ይጽፋሉ፣ ያልገባቸውን ይጠይቃሉ። ሦስተኛው ወር አካባቢ ግን አብዛኞቹ ይቀዘቅዛሉ። ጥያቄው ይቆማል። ደንበኛ ፊታቸው ሲቆም ቀና ብለው አያዩም። ምሳ ሰዓት ላይ የሌላ ባንክ የቅጥር ማስታወቂያ እየተቀባበሉ ያነባሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ በዚያው ሰሞን ተቃራኒውን ይሆናሉ፤ ሥራው የራሳቸው ይሆንና ማንም ሳያዛቸው ይሠራሉ።

ልዩነቱን ከትምህርት ውጤታቸው ፈልጌ አላገኘሁትም። ባለፈው ዓመት በአንድ ቀን የጀመሩ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንደኛዋ ከአንዲት ነባር ቴለር ጎን ተቀመጠች። መጀመሪያ ብር መቁጠርና ማሰር፣ ቀጥሎ ገቢ መቀበል፣ ከዚያ የራሷን መስኮት ያዘች። ሁለተኛው ሰው በጎደለበት ሁሉ ይላክ ነበር። ጠዋት የቫውቸር ፋይል ያደራጃል፣ ከሰዓት ገበያ ወጥቶ አካውንት ያስከፍታል፣ በማግስቱ የኤቲኤም ካርድ ያድላል። እኩል ጎበዞች ነበሩ፤ እንዲያውም በቃለ መጠይቁ እሱ ይሻል ነበር። ዓመት ሳይሞላ እሷ አዲስ ለሚገቡት አስረጂ ሆነች፣ እሱ መልቀቂያ አስገባ። ስንሸኘው «እዚህ የምሠራው ሥራ ምን እንደሆነ እናቴ ስትጠይቀኝ የምመልስላት ይጠፋኝ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይሄ ነገር ያሳስበኛል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የአዲስ ሠራተኛ ተነሳሽነት ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ነው ወይስ እኛ ጋ ከገባ በኋላ የሚያድር? እኛ ጋ የሚያድር ከሆነ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ሳይጠየቅና በጀት ሳይወጣ በቅርንጫፍ ደረጃ ምን ማድረግ ይቻላል? የሌላ መስክ ልምድ ያላችሁም ብትጽፉ ደስ ይለኛል።

---

ታዛቢ_ከመርካቶ · ማክሰኞ፣ ምሽት 2:41

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ቅን ነው፤ መልሱ ግን ደመወዝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደስታው ይሸከመዋል። ሥራ አገኘሁ፣ ቤተሰብ መረቀኝ፣ ባጅ አንገቴ ላይ ገባ። ሦስተኛው ወር ላይ ሒሳቡን ይሠራል። ኪራይ፣ ታክሲ፣ ምሳ፣ ወደ ቤተሰብ የሚላክ። የሚተርፍ የለም። ትንሽ የጨመረ ባንክ ከጠራው ይሄዳል፣ መሄዱም ትክክል ነው። ሆዱ ያልጠገበን ሰው በምክር ማነሳሳት አይቻልም።

---

የሰው_ኃይል_ባለሙያ · ማክሰኞ፣ ምሽት 3:20

ሱፐርቫይዘር፣ «ሦስተኛው ወር» ስትል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ከዚያ በፊት በነበረው በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ደግሞ 45 ተከታታይ ቀን ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ነው፤ በዓላት ሲገቡበት ትንሽ ይዘልቃል። ስለዚህ ልጆቹ ቀዘቀዙ የምትልበት ሰሞን የሙከራ ጊዜያቸው ካበቃበት ሰሞን ጋር ይገጥማል።

እዚህ ላይ በብዙ መሥሪያ ቤት ያየሁትን ልንገርህ። ሕጉ ሠራተኛው የሙከራ ጊዜው ካለቀ በኋላ ሥራውን ከቀጠለ ውሉ ሙከራው ከተጀመረበት ቀን ጀምሮ እንደጸና ይቆጥርለታል። ይሄ ለሠራተኛው ጥሩ ጥበቃ ነው። አሠሪዎች ግን «ዝም ካልኩ አለፈ ማለት ነው» ብለው ይተዉታል። ልጁ እነዚያን ሳምንታት ሁሉ እየተፈተንኩ ነው ብሎ ልቡ ተንጠልጥሎ ነው የሚሠራው። ቀኑ ያልፋል፣ የሚጠራው የለም። አለፍክ፣ ይሄ ይሄ ላይ ጎበዝ ነህ፣ ይሄን አሻሽል የሚለው ሰው የለም። ደብዳቤው እንኳ ከዋናው መሥሪያ ቤት ዘግይቶ ይደርሰዋል። ያን ጊዜ ብሠራም ባልሠራም የሚያየኝ የለም የሚለውን ይማራል። አንድ ጊዜ ከተማረው ማስረሳቱ ከባድ ነው።

በጀት የማይጠይቀው የመጀመሪያው እርምጃ ይሄ ይመስለኛል። የሙከራ ጊዜው ከማብቃቱ በፊት በር ዘግተህ ግማሽ ሰዓት አነጋግረው። ያየኸውን በምሳሌ ንገረው፤ «ጎበዝ ነህ» ብቻ አይበቃም። ቀጥሎ የትኛውን ሥራ እንደሚማር ቀን ቆርጠህለት ውጣ።

ሌላው ትንሽ የምትመስል ነገር የመጀመሪያው የደመወዝ ወረቀት ናት። ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ እንደሚቆረጥ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ እንደሚጨምርለት፣ ግብሩ እንዴት እንደሚሰላ የሚያስረዳቸው የለም። ልጁ ቅጥሩ ላይ የተነገረውን ብር ጠብቆ ሌላ ቁጥር ያያል። ቅሬታው ብዙ ጊዜ ከዚያች ቀን ይጀምራል። አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ማስረዳት ይበቃል።

---

ጀማሪ_ቴለር · ማክሰኞ፣ ምሽት 4:02

እኔ አሁን ያለሁት እናንተ የምታወሩበት ጊዜ ላይ ነው፤ ባንኩ ሌላ ነው። ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል ልጻፍ።

መጀመሪያ የሚያስፈራው ደንበኛው አይደለም። ብሩ ነው። ጉድለት ከተገኘ የሚከፍለው ቴለሩ ነው፤ በየወሩ የሚሰጠው የጉድለት አበል ትልቁን አይሸፍንም። ከእኔ ጋር የጀመረች ጓደኛዬ የራሷን መስኮት በያዘች ሰሞን፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ሳምንት ነበር፣ ሰልፉ በሩ ላይ ደርሷል። ማታ ሒሳብ ስትዘጋ 1,800 ብር ጎደለባት። ደግማ ቆጠረች፣ ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስትቆጥር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጠገባችን ያለችው ነባር ቴለር የራሷን ካዝና አስረክባ፣ ቦርሳዋን ይዛ ልትወጣ ነበር። ተመለሰችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«1,800ን ለ9 አካፍይው» አለቻት። 200 ሆነ። «ያለ ቀሪ ከተካፈለ ብሩን መቁጠር ተዪው፤ ቁጥር ተገለባብጦ ሊሆን ይችላል። ቫውቸሮቹን አምጪ።» እሷ ከወረቀቱ እያነበበች፣ ጓደኛዬ ከሲስተሙ እየተከተለች አንድ በአንድ ሄዱ። አንድ የወጪ ቫውቸር ላይ የተጻፈው 8,600 ነው፤ ሲስተሙ ላይ የገባው 6,800። ለደንበኛው የተከፈለው ትክክል ነበር፣ የተመዘገበው ብቻ ነው የተገለበጠው። ለሱፐርቫይዘሩ ተነግሮ በሥርዓቱ ተስተካከለ። ነባሯ ቴለር በማግስቱም ከዚያም በኋላ ጉዳዩን ለማንም አላነሳችውም።

ያን ማታ ጓደኛዬ እለቃለሁ ብላ ነበር። አሁን ከሁላችን ቀድማ የምትገባው እሷ ናት። እኔም አጠገባቸው ሆኜ ስላየሁ የለ9 ነገር ሙያዬ ሆነ፤ ሌላ ሰው ሲጎድልበት እኔ ነኝ የማሳየው። ታዛቢ፣ ደመወዙ እንደማይበቃ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም፤ እየኖርኩት ነው። ግን ያን ሳምንት ደመወዛችን አልጨመረም። እዚህ ቤት ብወድቅ የሚያነሳኝ አለ ማለትን ነው ያገኘነው፤ ከዚያ በኋላ ለመሞከር አልፈራንም።

---

የቅርንጫፍ_ሱፐርቫይዘር · ረቡዕ፣ ጠዋት 1:30

እህቴ ጀማሪ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሰው ኃይል ባለሙያው ያልከው ደግሞ ሌሊቱን ሲያሳስበኝ አደረ። እኛም ጋ ደብዳቤው ሲመጣ «ፈርም» ተብሎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥለታል፤ ንግግር የለም። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ በምርት ሥራ ላይ ያላችሁ፣ የምትሰጡት ሥራ አንድ ዓይነትና ተደጋጋሚ ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ? እኛ ቢያንስ ደንበኛ ይቀያየርልናል።

---

የስፌት_መስመር · ረቡዕ፣ ቀትር 6:50

እኔ ሐዋሳ ነኝ፣ ስፌት ላይ የመስመር ሱፐርቫይዘር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው በአካባቢው ብዙ አልነበረም። ዛሬም ወደ እኛ የሚመጡት አብዛኞቹ ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የሚመጡ ሴት ልጆች ናቸው። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ደመወዛቸው ነው፤ ከቤት ወጥተው ሲያድሩም መጀመሪያቸው ነው። አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። የማሽኑ ድምፅ፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ፣ በደወል ገብቶ በደወል መውጣት፣ ሁሉም አዲስ ነው። የምትለቅ ልጅ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ወር ነው የምትለቀው። ከዚያ ካለፈች የመቆየት ዕድሏ ይጨምራል።

አዲስ ልጅ ስትመጣ የተለመደው ሄልፐር (ረዳት) አድርጎ ክር ማስቆረጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ሸሚዝ ላይ የተረፈ ክር ትቆርጣለች፤ ሸሚዙ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል፣ አታውቅም። እኔ የምሠራበት መስመር ላይ አዲሶቹን መጀመሪያ ከቆረጣ ክፍል ተነስቼ እስከ ማሸጊያ አስከትላቸዋለሁ። ጨርቁ ተደራርቦ ሲቆረጥ ያያሉ፣ አንገትጌው ለብቻው ተሠርቶ ሲገጠም ያያሉ፣ መጨረሻ ላይ ተተኩሶ ካርቶን ውስጥ ሲገባ፣ የሚሄድበት አገር ስም ካርቶኑ ላይ ተለጥፎ ያያሉ። አንዲት ልጅ አንገትጌ ላይ ከተመደበች በኋላ በየቀኑ ከመውጫ ሰዓት በኋላ ማሸጊያ ጋ ቆማ ታይ ነበር። ምን ትፈልጊያለሽ ስላት «የእኔን ለይቼ አውቀዋለሁ» አለች። ጥግ ላይ ያለውን ስፌት እያሳየች። እውነትም ታውቀዋለች።

ሁለተኛው የሰዓት ታርጌት ሰሌዳው ነው። አዲሷን ከነባሮቹ ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ ብትጽፋት በየሰዓቱ በሰው ፊት ወደቀች ማለት ነው። ነባሮቹ በሰዓት 60 ሲጠበቅባቸው እኔ አዲሷን ከ20 ነው የማስጀምራት፣ በሌላ ወረቀት ላይ። 20ን ስትሞላ 25። ዛሬ ከትናንት የበለጠ መሥራቷን ራሷ ታያለች። ፎቁ ላይ ያሉት አለቆች መጀመሪያ አልወደዱትም፤ ቁጥሩ ዝቅ ይላል አሉ። አሁን ተዉኝ፤ የሚለቅብኝ ሰው ከሌላው መስመር ያንሳል።

---

ታዛቢ_ከመርካቶ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9:10

እህቴ የስፌት መስመር፣ የምትሠሪው ሥራ ያስከብርሻል። ግን ትልቁን ነገር እንዳንረሳ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የሚባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከአምስት ድርጅቶች ጋር ሠርተው፣ ለፋብሪካና ለእርሻ ኢንዱስትሪ ሥራ ካመለከቱት መካከል በዕጣ ለአንዳንዶቹ ሥራውን፣ ለአንዳንዶቹ 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና፣ ለሌሎቹ ምንም ሳይሰጡ ተከታትለዋቸዋል። ጥናቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሥራውን ካገኙት አብዛኞቹ ቶሎ ለቀቁ። የፋብሪካው ሥራ ሰዓቱ ከውጭው ይረዝማል፣ ገቢው ግን አይበልጥም። ጤናም ላይ ጉዳት ነበረው። እነዚህ ሰዎች ተነሳሽነት አጥተው ነው ልንላቸው ነው? አስበው ነው የወጡት።

---

የስፌት_መስመር · ረቡዕ፣ ከሰዓት 10:25

ታዛቢ፣ ጥናቱን ስታነሳ እኔን ደገፍከኝ እኮ። የለቀቁት ሥራው የማይመች፣ አደገኛ ሆኖ ስላገኙት ነው። አቧራው፣ መቀመጫው፣ ለመጸዳጃ ቤት ፈቃድ መለመኑ፣ የሱፐርቫይዘር ጩኸት። ደመወዝ እኔ መጨመር አልችልም፤ ይጨመር ብዬ ግን በየስብሰባው እናገራለሁ። ጩኸቱን ግን ዛሬ ማቆም እችላለሁ። የወር አበባ ሕመም ያለባትን ልጅ ለአንድ ሰዓት ቀላል ሥራ ላይ ማዞር እችላለሁ። ሱፐርቫይዘሩ የጠየቀውም እሱ በእጁ ያለውን ነው።

---

ድርጅታዊ_ሥነ_ልቦና · ረቡዕ፣ ምሽት 1:45

በዚህ ትምህርት ላይ የማስተምር ነኝ፤ ከምታወሩት ጋር የሚገናኙ ጥቂት ነገሮች ላካፍል። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የመቀዝቀዙ ነገር እናንተ ጋ ብቻ ያለ አይደለም። ዌንዲ ቦስዌል ከሌሎች ጋር በ2005 ባሳተመችው ጥናት ሥራ የቀየሩ ሥራ አስኪያጆች እርካታ አዲሱን ሥራ ሲጀምሩ ከፍ ብሎ፣ ቆይቶ እንደሚወርድ አሳይታለች። ስለዚህ ሱፐርቫይዘር፣ ልጆቹ ሲወርዱ ስታይ «ሰነፎች ናቸው» ብለህ አትፍረድ፤ መውረዱ የሚጠበቅ ነው። መጠየቅ ያለበት ከወረዱ በኋላ የሚይዙት ነገር አለ ወይ ነው።

ዴቪድ በርሉና ዳግላስ ሆል በ1966 በአሜሪካው የስልክ ኩባንያ በኤቲ ኤንድ ቲ ጀማሪ ሥራ አስኪያጆችን ተከታትለው፣ በመጀመሪያው ዓመት ከበድ ያለ፣ ብዙ የሚጠበቅበት ሥራ የተሰጣቸው ከዓመታት በኋላም የተሻሉ ሆነው አገኟቸው። ያንተ ሁለት ልጆች ታሪክ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ቴለሯ ኃላፊነት ያለበት ሥራ ደረጃ በደረጃ አገኘች፤ ልጁ የተበታተነ ሥራ ተሰጠው። ሥራ አልበዛበትም፤ የእኔ የሚለው ሥራ ነው ያጣው።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ሰው ከልቡ እንዲሠራ ሦስት ነገር ይፈልጋል ይላሉ። በራሱ የሚወስነው ነገር መኖር፣ ሥራውን እንደሚችል ማየት፣ ከሰዎቹ ጋር መተሳሰር። የለ9 ታሪኩን በዚህ ዓይን አንብቡት። ነባሯ ቴለር ጉድለቱን ራሷ ፈልጋ ብታገኝላት ኖሮ ልጅቱ ትድናለች፣ ሙያ ግን አትይዝም ነበር። መንገዱን አሳየቻት፣ አብራት ተቀመጠች፣ ሚስጥሯን ጠበቀችላት።

አንገትጌዋን ለይታ ስለምታውቀው ልጅ ደግሞ አዳም ግራንት በ2007 ያሳተመው ሙከራ አለ። ለዩኒቨርሲቲ በስልክ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞች በዚያ ገንዘብ ከሚማር አንድ የነፃ ትምህርት ተማሪ ጋር ለጥቂት ደቂቃ ተገናኙ። ከወር በኋላ ስልክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ የሚያሰባስቡት ገንዘብም እንዲሁ። ክፍያቸው አልተቀየረም። ባንክ ውስጥ ይሄን ማድረግ ቀላል ነው፤ ከእናንተ ብድር ወስዳ ዳቦ ቤት የከፈተች ደንበኛ ካለች፣ የጠዋት ስብሰባ ላይ ቡና ጠጡና ታውራላቸው።

ታዛቢ፣ አንተንም አልረሳሁም። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ በ1959 ደመወዝ ሲጎድል ሰውን ያስከፋል፣ ሲሞላ ግን ብቻውን ለሥራ አያነሳሳም ብሎ ነበር።

---

ታዛቢ_ከመርካቶ · ረቡዕ፣ ምሽት 2:30

መምህር፣ አክብሬ ነው የምጠይቅዎ። ኸርዝበርግ ያነጋገራቸው በፒትስበርግ አካባቢ የነበሩ መሐንዲሶችና የሒሳብ ባለሙያዎች ናቸው። እነሱ የሚጨነቁት ስለ ወር መጨረሻ ኪራይ አልነበረም። ደመወዝ ኑሮን ሳይሞላ ሲቀር «ያስከፋል» ከሚለው በላይ ነው፤ ሰውየው ሥራ ላይ ቁጭ ብሎ ሐሳቡ ሁለተኛ ገቢ ፍለጋ ይሄዳል። የእርስዎን ሦስት ነገሮች አልክድም። ሱፐርቫይዘሩም በእጁ ያለውን ያድርግ። ግን የባንክ አለቆች ይሄን ክር አንብበው «በደመወዝ ሳይሆን በፍቅር ይሠራሉ» እንዳይሉ ነው የምከራከረው።

---

ድርጅታዊ_ሥነ_ልቦና · ረቡዕ፣ ምሽት 2:48

በዚህ ልክ ነህ። እንደዚያ የሚያነብ አለቃ ካለ ስሜን አይጥቀስብኝ።

---

ነርስ_ሲልቨር_ስፕሪንግ · ሐሙስ፣ ጠዋት 12:20

ከሜሪላንድ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አገር ቤት ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ፣ አሁን እዚህ ሆስፒታል ነኝ። እዚህ አዲስ የተመረቀ ነርስ ብቻውን በሽተኛ አይሰጠውም። ለበርካታ ሳምንታት ፕሪሴፕተር ከምትባል ነባር ነርስ ጋር በአንድ ሽፍት ይሠራል። መጀመሪያ እሷ ስትሠራ ያያል፤ ቀጥሎ አንድ በሽተኛ ይይዛል እሷ እያየች፤ ከዚያ ሁለት፤ በመጨረሻ ሙሉውን ይዞ እሷ ራቅ ብላ ትቆማለች። በብዙ ሆስፒታል ከዚያ በኋላም እስከ ዓመት የሚቆይ ፕሮግራም አለ፣ አዲሶቹ በየጊዜው ተሰብስበው የገጠማቸውን የሚነጋገሩበት።

እኔን የጠቀመኝ ከፕሪሴፕተሬ ይልቅ የስብሰባው ክፍል ነው። ሌሎቹም እንደኔ እንደሚፈሩ ሰማሁ። አገር ቤት ሳለሁ በምሽት ዲዩቲ ብቻዬን ሆኜ የማልችል እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ሱፐርቫይዘር፣ በአካባቢህ ካሉ ቅርንጫፎች ሱፐርቫይዘሮች ጋር ተነጋግረህ የሁላችሁንም አዲስ ልጆች በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብታገናኛቸውስ? አለቃ ሳይኖር፣ እነሱ ለእነሱ።

---

ጡረተኛ_ባንከር · ሐሙስ፣ ጠዋት 4:35

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ከመጀመሪያው አነበብኩት። እኔ ባንክ የገባሁት ባንክ ሁሉ የመንግሥት በሆነበት ዘመን ነው። በ1967 ከተወረሱ በኋላ እስከ 1986 አዋጅ ድረስ የግል ባንክ አልነበረም። ሠራተኛ ወደ ሌላ ባንክ ልሂድ ቢል መሄጃ ስለሌለው ነባሩ አዲሱን ለማስተማር አይሰስትም ነበር፤ አብረን እዚሁ እናረጃለን ይላል። የግል ባንኮች ሲከፈቱ የሠለጠነውን ሰው ከእኛ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ «አስተምሬው ለሌላ ባንክ ላዘጋጀው?» የሚል ንግግር መጣ። ዛሬ የምታዩት ቸልታ ግማሹ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። መፍትሔው ማስተማርን መተው አይደለም፤ የሚያስተምረውን ሰው መጠበቅ ነው።

ልጄ ሱፐርቫይዘር፣ አንድ ነገር ጥንቃቄ አድርግበት። አዲስ ልጅ የምታስቀምጥባት ነባር ቴለር የራሷ ታርጌት አላት። የዲፖዚት (ከደንበኞች ተቀማጭ ገንዘብ የማምጣት) አላት፣ አካውንት የማስከፈት አላት፣ ሰልፉም አላት። ልጁን ስታስተምር ሰልፏ ይዘገያል፣ ደንበኛ ይቆጣታል፣ በወሩ መጨረሻ ቁጥሯ ዝቅ ይላል። ዓመታዊ ምዘናዋ ላይ የሚታየው ቁጥሩ ነው። ማስተማሯ የትም አይጻፍም። ሁለተኛ ልጅ ስትሰጣት በትሕትና እምቢ ትልሃለች፣ ወይም ተቀብላ ልጁን ፎቶ ኮፒ ትልከዋለች። የመረጥካትን ሰው ሥራ ካላቀለልክ ዕቅድህ በሁለተኛው ዓመት ይፈርሳል።

---

ጀማሪ_ቴለር · ሐሙስ፣ ቀትር 6:40

ጋሼ የጻፉት ልክ ነው፤ የእኛዋም በወሩ መጨረሻ ስትጨነቅ እናያለን። እኔ ደግሞ ለአዲሶቹ አንድ ልለምን። በመጀመሪያው ወር ዲፖዚት አምጡ አትበሏቸው። ምንም ሳያውቁ ዘመድና የሰፈር ሰው ጋ ሄደው አካውንት ክፈቱልኝ ይላሉ። አንዳንዱ ዘመድ 100 ብር አስገብቶ ተመልሶ አይመጣም። ልጁ ባንክ ማለት ሰው መለመን ነው ብሎ ይጀምራል። ሥራውን ከቻለ በኋላ ስለ ባንኩ የሚያወራው ይኖረዋል።

---

የቅርንጫፍ_ሱፐርቫይዘር · ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10:15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ከቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን። በሚቀጥለው ወር ሁለት አዲስ ልጆች ይገቡልናል፤ በእነሱ እንጀምራለን።

እያንዳንዱ ከአንድ ነባር ሠራተኛ ጋር ይቀመጣል፤ የሙከራ ጊዜው እስኪያልቅ ሰው በጎደለበት ሁሉ አይላክም። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ «ቅርንጫፉ ትንሽ ነው፣ እንዴት ይሆናል» ብሎ ነበር፤ የለቀቀውን ልጅ ሳነሳለት ዝም አለ። ገቢ መቀበል፣ ወጪ መክፈል፣ ማስተላለፍ፣ ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ የሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) እያለ የሚሄድ ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጽፌያለሁ፤ አንዱን ሲችል ቀኑን ራሱ ይጽፍበታል። የዲፖዚት ታርጌት እስከ ሦስተኛው ወር መጨረሻ አይሰጣቸውም፤ ይሄን ለማስፈቀድ ትንሽ ተከራከርኩ። ከሙከራ ጊዜው ማብቂያ በፊት አነጋግራቸዋለሁ። የቅዳሜውን ስብሰባ ለሁለት ጎረቤት ቅርንጫፎች ነግሬ አንዱ እሺ ብሏል።

ጋሼ፣ እርስዎ ያነሱት ነው ከሁሉም ያከራከረን። የአሠልጣኟ የዲፖዚት ታርጌት በምታሠለጥንበት ጊዜ በግማሽ እንዲቀንስ ተስማማን። ግማሹን እኔና ሁለት ሌሎች ሠራተኞች ተካፍለነዋል። ምዘናዋ ላይ እንዲታይም በቅርንጫፉ ቃለ ጉባኤ ተጽፏል። ከቅርንጫፎች በላይ ያለው የዲስትሪክት ጽሕፈት ቤት ይቀበለው እንደሆነ ገና አልተነገረንም።

---

ጡረተኛ_ባንከር · ቅዳሜ፣ ምሽት 1:05

ቃለ ጉባኤው ላይ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። ኮፒውን ለራሷም ስጣት፤ አለቃ ይቀየራል፣ ወረቀት ይቀራል።

---

ጀማሪ_ቴለር · ቅዳሜ፣ ምሽት 1:22

አንድ ጥያቄ። ልጁን የምትገመግመው አሠልጣኟ ናት? እሷ ከሆነች እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን ያልገባኝን መጠየቅ እፈራ ነበር። ስጠይቅ ነጥቤ የሚቀንስ ይመስለኛል።

---

የቅርንጫፍ_ሱፐርቫይዘር · ቅዳሜ፣ ምሽት 1:40

ይሄን አላሰብንበትም ነበር። ግምገማውን እኔ እይዘዋለሁ፤ እሷ ማስተማር ብቻ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ባሉበት እነግራቸዋለሁ።

---

የሰው_ኃይል_ባለሙያ · ቅዳሜ፣ ምሽት 2:10

መመዘኛውንም በዚያው ቀን በጽሑፍ ስጣቸው። የምትመለከተውን አምስት ወይም ስድስት ነገር ከጀመሩበት ቀን ያውቁት። ቅጹን ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ የምጠቀምበትን እልክልሃለሁ።